የክብር ጽሑፍ መልክ፦ «ስኔል ራውንድሃንድ» የተባለው የኅትመት ፊደል ሲመረመር

1. መግቢያ

በሥነ ጽሑፍ ሂስ ውስጥ ስለ ቅርጽና ይዘት ብዙ ተብሏል። ይሁን እንጂ «ቅርጽ» የሚለው ቃል በአብዛኛው የሚያገለግለው ለድርሰቱ አወቃቀር፣ ለቃላት አመራረጥና ለስንኝ ምጣኔ ነው። ቃላቱ ራሳቸው በወረቀት ላይ የሚቆሙበት መልክ፣ ማለትም የፊደሉ ቅርጽ፣ የማተሚያ ቤት ጉዳይ ተደርጎ ይታለፋል። በእኔ እምነት ይህ አስተያየት ጎዶሎ ነው። ተደራሲ ከቃሉ አስቀድሞ የሚያገኘው ፊደሉን ነውና። የሠርግ ጥሪ ካርድ ሲደርሰን የሙሽሮቹን ስም ገና ሳናነብ ነገሩ የደስታ መሆኑን እናውቃለን። በግድግዳ ላይ የተሰቀለ የምስክር ወረቀትም ከሩቅ፣ ማን እንደ ተመሰከረለት ሳይለይ፣ አክብሮትን ይናገራል። ይህን የሚነግረን የፊደሉ አቋም ነው። የሚናገር ነገር ከሆነ ደግሞ ሊመረመርና ሊመዘን ይገባዋል።

በዚህ ጽሑፍ የምመረምረው «ስኔል ራውንድሃንድ» የተባለውን የላቲን የኅትመት ፊደል ነው። ፊደሉን የነደፈው ማቲው ካርተር የተባለ እንግሊዛዊ ሲሆን፣ ለአገልግሎት የበቃው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ወደ ቀኝ ያዘነበለ፣ አንዱ ፊደል ከቀጣዩ ጋር በቀጭን መስመር የሚያያዝ፣ የእጅ ጽሕፈት መሰል ፊደል ነው። በአፕል ኩባንያ ኮምፒዩተሮችና ስልኮች ውስጥ አብሮ ስለሚመጣ፣ ስሙን የማያውቁ ሰዎች እንኳ መልኩን ያውቁታል።

ይህን ፊደል ለሂስ የመረጥሁት በሁለት ምክንያቶች ነው። አንደኛው፣ ለክብር ጽሑፍ ከሚያገለግሉት መሰሎቹ መካከል ትውልዱ ጥርት ብሎ የሚታወቅ በመሆኑ ነው። ሁለተኛው ወደ ራሳችን የሚመለስ ነው። በሁለት ቋንቋ በሚታተሙ የጥሪ ካርዶቻችን ላይ እንግሊዝኛው ይህን በመሰለ ፊደል ተውቦ፣ አማርኛው ግን ለጋዜጣና ለደብዳቤ በሚያገለግለው ፊደል ተቀምጦ ማየት የተለመደ ነው። ይህን የታዘቡ ሰዎች ለአማርኛም እንዲሁ የሚያዘነብልና ጭራ የሚያወጣ ፊደል ይሠራ ሲሉ እሰማለሁ። ቁጭቱ ተገቢ ነው፤ መፍትሔው ግን ተገቢ አይመስለኝም። መከራከሪያዬ ባጭሩ የሚከተለው ነው፦ የስኔል ራውንድሃንድ ውበት ከጌጥ የመጣ አይደለም፤ አንድን የጽሕፈት እጅ ከነመሣሪያው፣ ከነሥራውና ከነደንቡ በማጥናት የተገኘ ነው። ስለዚህ ከእርሱ ልንወስድ የሚገባን የጥናቱን መንገድ ነው።

2. የእጁ ትውልድ

ፊደሉ ስሙን ያገኘው ከቻርልስ ስኔል ነው። ስኔል በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ18ኛው መጀመሪያ በለንደን የኖረ የጽሕፈት መምህር ነበር። የእጁን ናሙናዎች የያዘው መጽሐፉ በ1694 ታትሟል። የካርተር ፊደል መነሻም ይኸው እጅ ነው። «ራውንድሃንድ» ክብ እጅ ጽሕፈት ማለት ሲሆን፣ የዘመኑ መምህራን ያስተምሩት የነበረ የአጻጻፍ ስልት ነው።

የስልቱን ባሕርይ ለመረዳት መሣሪያውን ማወቅ ያስፈልጋል። መሣሪያው ጫፉ ቀጥኖ የተቀረጸና የተሰነጠቀ የላባ ብዕር ነው። ጸሐፊው ብዕሩን ወደ ታች ሲጎትት ጫን ይለዋል፤ ስንጥቁ ይከፈትና መስመሩ ይወፍራል። ወደ ላይ ሲመልሰው እጁን ያቀልላል፤ መስመሩም እንደ ጸጉር ይቀጥናል። ወደ ላይ የሚወጣው ቀጭን መስመር የሚቀጥለውን ፊደል ስለሚያገኘው ብዕሩ ከወረቀቱ ሳይነሣ ቃሉ ያልቃል። እንግዲህ የወፍራምና የቀጭን መፈራረቅ፣ ማዘንበሉና መያያዙ፣ ዛሬ እንደ ሽልማት የምናያቸው ነገሮች ሁሉ፣ በፍጥነት የሚጽፍ እጅ የተዋቸው አሻራዎች ናቸው።

ለምን ፍጥነት አስፈለገ? እዚህ ላይ የስኔል ሁለተኛ ሙያ ብዙ ያስረዳል። ስኔል የሒሳብ ሰውም ነበር። በ1720 በእንግሊዝ አገር የሳውዝ ሲ ኩባንያ አክሲዮን ወድቆ ብዙ ሰው በከሰረ ማግሥት፣ ከኩባንያው ዲሬክተሮች አንዱ የነበረበትን የሶብሪጅ የንግድ ማኅበር መዝገብ የመረመረው እርሱ ነበር። የምርመራው ጽሑፍ በ1721 የታተመ ሲሆን፣ በሒሳብ ምርመራ ታሪክ ውስጥ ስሙ ዘወትር ይነሣል። የጽሕፈት መምህርነትና የሒሳብ ዐዋቂነት በአንድ ሰው መገናኘታቸው በዚያ ዘመን እንግዳ አልነበረም። ክብ እጅ ጽሕፈት የመዝገብ፣ የደረሰኝና የንግድ ደብዳቤ ጽሕፈት ነበርና። ሸቀጥ ሲራገፍና ሲጫን፣ ብድር ሲገባና ሲከፈል፣ ያ ሁሉ በፍጥነትና በማያሻማ ሁኔታ መመዝገብ ነበረበት።

ስለዚህ ዛሬ የመኳንንት መስሎ የሚታየን ፊደል በትውልዱ የነጋዴና የጸሐፊ ነው። ይህ ለፊደሉ ነውር አይደለም። እንዲያውም ውበቱ ለምን እንደማይሰለች የሚያስረዳን ይኸው ነው። ስኔል ፊደልን በአእዋፍና በአራዊት ሥዕል፣ በተወሳሰበ ቋጠሮ ማስጌጥን ከሚቃወሙት ወገን ነበር። በ1714 የክብ እጅ ጽሕፈትን መደበኛ ደንቦች አሳትሟል፤ በዚሁ በደንብ ጉዳይም ከሌላው የጽሕፈት መምህር ከጆን ክላርክ ጋር ክርክር ገጥሟል። ደንብ እጅን ያሥራል ወይስ ያጠራል የሚለው ጥያቄ በዚያን ጊዜም ሰውን አከራክሯል።

የዚህ ጽሕፈት ናሙናዎች ለተማሪ የሚደርሱት በመዳብ ላይ ተቀርጸው እየታተሙ ነበር። ከእነዚህ መካከል ዝነኛው ጆርጅ ቢክሃም ከ1733 እስከ 1741 በክፍል በክፍል ያሳተመው የበርካታ ጸሐፊዎች ናሙና ስብስብ ነው። የቀራጩ መሣሪያ ከላባው ይልቅ የሰላ በመሆኑ ቀጭኑን መስመር ከእጅ ይልቅ ያቀጥነዋል። ተማሪውም በተራው የመዳቡን ቅጥነት በብዕሩ ለመድረስ ይጥራል። ስለዚህ ገና ከጅምሩ በእጅና በማሽን መካከል መኮራረጅ ነበረ ማለት ይቻላል።

3. ከእጅ ወደ ማሽን

የተያያዘ ጽሕፈትን ወደ ኅትመት ማምጣት ግን ቀላል አልነበረም። የእርሳስ ፊደል እያንዳንዱ በየራሱ አራት ማዕዘን አካል ላይ የተቀመጠ ነው። ፊደል ለቃሚው አንድ በአንድ እያነሣ ይደረድረዋል። ያዘነበለ ፊደል በቀጥተኛ አካል ላይ ሲቀመጥ ጫፉ ከአካሉ ውጪ ይንጠለጠላል፤ የተንጠለጠለው ጫፍም በቀላሉ ይሰበራል። አንዱን ፊደል ከሌላው የሚያገናኘው ቀጭን መስመርም በሁለቱ እርሳሶች መጋጠሚያ ላይ ስንጥቅ ያሳያል። ፈረንሳዊው ፊርሜን ዲዶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የፊደሉን አካል ራሱን አዘንብሎ በመሥራት ችግሩን ለመወጣት ሞክሯል። ውጤቱ የሚደነቅ ነበር፤ ልቅሙ ግን አድካሚ ነበር። ሙሉ መስመርን በአንድ ጊዜ ከእርሳስ የሚያፈሰው ሊኖታይፕ ሲመጣ ነገሩ ባሰ። በዚያ ማሽን ላይ ማንኛውም ፊደል ከአካሉ አልፎ የጎረቤቱን ድንበር መንካት አይችልም ነበር።

ካርተር በ1965 ወደ ኒው ዮርክ ሄዶ በሊኖታይፕ ኩባንያ ሥራ ሲጀምር እርሳሱ በፎቶግራፍ ሊተካ ተቃርቦ ነበር። በአዲሱ አሠራር ፊደል በፊልም ላይ ያለ ምስል ነው፤ ብርሃን ያልፍበትና ወረቀት ላይ ይቀረጻል። ብርሃን ደግሞ አካል የለውም። አንዱ ፊደል የሌላውን ክልል ቢነካ የሚሰበር ነገር አይኖርም። ካርተር ይህን ዕድል ተመልክቶ፣ እርሳስ ለብዙ ዘመን የከለከለውን ጽሕፈት አነሣ።

ይህን ማድረግ የቻለው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ካርተር የፊደል ታሪክ ተመራማሪው የሃሪ ካርተር ልጅ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ በሆላንድ አገር በሃርለም ከተማ፣ በኤንስኬዴ ማተሚያ ቤት ፊደልን በብረት ጫፍ ላይ በእጅ መቅረጽ ተምሯል። አሮጌው አሠራር የቱ ላይ እንደሚያስቸግር በእጁ የሚያውቅ ሰው፣ አዲሱ የቱ ላይ ነጻ እንደሚያወጣ ለማየት ይቀናዋል። ይኸው ሰው በኋላ ለአሜሪካ የስልክ ማውጫ በ1978 «ቤል ሴንቴኒያል»ን፣ ለኮምፒዩተር መስኮት ደግሞ በ1996 «ቨርዳና»ን ነድፏል። የስልክ ማውጫ ፊደልና የሠርግ ካርድ ፊደል ፈጽሞ የማይገናኙ ሊመስሉ ይችላሉ። የሁለቱ መነሻ ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ መሣሪያው ምን ይፈቅዳል? ሥራውስ ምን ይጠይቃል?

4. ፊደሉ ሲመዘን

የስኔል ራውንድሃንድ ዋና ጥንካሬ መያያዣው ላይ ነው። በትንንሾቹ ፊደላት መካከል የሚያልፈው ቀጭን መስመር ከአንዱ በሚወጣበት ከፍታ ሌላውን ያገኘዋል። ስለዚህ የትኛውም ፊደል ከየትኛውም ቀጥሎ ቢመጣ ቃሉ በአንድ ትንፋሽ የተጻፈ ይመስላል። ለዚህ የስኔል ደንበኝነት ትልቅ ውለታ እንዳለው እገምታለሁ። ደንብ ያለው እጅ ወደ ኅትመት ለመሻገር ይቀለዋል፤ ኅትመት ማለት አንድን ቅርጽ ሳይለዋውጡ መደጋገም ነውና። ሁለተኛው ጥንካሬው ቁጥብነቱ ነው። ትልልቆቹ ፊደላት ይዘረጋሉ፣ ይጠማዘዛሉ፤ ይሁንና ጥምዝምዙ ከፊደሉ አጥንት አይበልጥም። አንባቢ በመጀመሪያ የሚያየው ፊደሉን ነው።

ድክመቱም ከጥንካሬው ጎን ይገኛል። አንደኛ፣ በእውነተኛ እጅ ጽሕፈት ውስጥ አንድ ፊደል ሁለት ጊዜ ሲጻፍ መንትያ አይሆንም፤ ብዕሩ ቀለም የጠገበበትና የጠማበት ጊዜ ይለያያል። እዚህ ግን በአንድ ስም ውስጥ የሚደጋገሙ ፊደላት ፍጹም አንድ ናቸው። በዚህ ረገድ ሄርማን ዛፕፍ በ1998 ያወጣው «ዛፕፊኖ» የተሻለ መልስ ሰጥቷል፤ ለአንድ ፊደል በርካታ አማራጭ ቅርጾች አሉትና። ነገር ግን አማራጭ ሲበዛ ተጠቃሚው ሁሉንም በአንድ ገጽ ላይ ለማሳየት ይፈተናል፤ ያን ጊዜ ገጹ የእጅ ጽሕፈት መሆኑ ይቀርና የእጅ ጽሕፈት ትርዒት ይሆናል። ስለዚህ የስኔልን ድህነት ከዛፕፊኖ ሀብት ጋር ሳስተያየው፣ ለአብዛኛው ሥራ ድህነቱን እመርጣለሁ።

ሁለተኛ፣ ፊደሉ መጠኑ ሲያንስ ቀጭኑ መስመር ይጠፋል። ወረቀቱ ሻካራ ከሆነ ወይም ነጭ ፊደል በጥቁር መደብ ላይ ከታተመ ቃሉ ይበጣጠሳል። ሦስተኛው የነዳፊው ሳይሆን የተጠቃሚው ጥፋት ነው። ቃሉን በሙሉ በትልልቅ ፊደላት መጻፍ፣ ወይም ለማስዋብ ሲባል በፊደላቱ መካከል ክፍተት መጨመር የተለመደ ስሕተት ነው። ትልልቆቹ እርስ በርስ ለመያያዝ አልተሠሩም፤ ሲደረደሩ ሐረጎቻቸው ይጠላለፉና የሚነበብ ነገር አይተርፍም። ክፍተት ሲጨመር ደግሞ መያያዣው ይቆረጥና ፊደሉ የተሠራበት ምክንያት ራሱ ይፈርሳል። የክፍተቱም የጥልፍልፉም ስሕተት ከአንድ ምንጭ ይቀዳል፤ ፊደሉን እንደ ልብስ ማየት ነው። ልብስ የፈለገው ሰው ላይ ይደረባል፤ ጽሕፈት ግን አካሄድ ነው፣ አካሄዱን ሳያውቁ ሊያስኬዱት አይቻልም።

5. ወደ ግዕዝ ፊደል ስንመጣ

አሁን ወደ ጥሪ ካርዱ እንመለስ። ለአማርኛ ክብር የሚቆረቆሩ አንዳንድ ሰዎች የሚያቀርቡት መፍትሔ ፊደላችንን ማዘንበልና ከእግሩ ጭራ ማውጣት ነው። ይህ ለምን እንደማያዋጣ ከፊደሉ ባሕርይ ተነሥቶ ማሳየት ይቻላል።

በላቲን ጽሕፈት የፊደሉ ጭራ ትርጉም የለውም። ወደ ግራ ቢጠመዘዝ ወደ ቀኝ ቢረዝም ፊደሉ ያው ፊደል ነው፤ አናባቢው ለብቻው ይጻፋልና። በግዕዝ ፊደል ግን አናባቢው የሚነገረው በዚያው ጌጥ ሊበቅልበት በሚፈለገው ቦታ ነው። «ሰ»ን እንውሰድ። በቀኝ እግሩ ወገብ ላይ ትንሽ ሰረዝ ሲወጣ ካዕብ ሆኖ «ሱ» ይባላል። ሰረዙ ወደ እግሩ ጫፍ ሲወርድ «ሲ» ይሆናል። ቀኝ እግሩ ሲረዝም «ሳ»፣ በእግሩ ጫፍ ቀለበት ሲታሰር «ሴ»፣ ግራ እግሩ ሲረዝም «ሶ» ይሆናል። እንግዲህ ነዳፊው ለውበት ብሎ የሚያረዝመው እግር፣ የሚጨምረው ጥምዝና የሚቋጥረው ቀለበት ሁሉ ቀድሞውኑ ሥራ የተሰጠው ነው።

በተራ ጽሑፍ ውስጥ አንባቢ ከዐውደ ንባቡ ተነሥቶ ያርመዋል ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ የልቦለድ አንባቢ አንዲት የተወላገደች ፊደል አታሰናክለውም። የክብር ወረቀት ግን ከሁሉ በላይ የስም ወረቀት ነው። ስም ደግሞ ዐውደ ንባብ የለውም። «ሰናይት» የምትባለው ሙሽራ በጌጥ ምክንያት «ሳናይት» ሆና ብትቀርብ፣ የማያውቃት እንግዳ የሚያርምበት ምንም ነገር የለውም። በምስክር ወረቀት ላይ «ከበደ» የተባለው ተመራቂ የመጀመሪያ ፊደሉ ቀኝ እግር ለውበት ትንሽ ቢረዝምለት «ካበደ» ይሆናል። ሰው አንድ ጊዜ ለተቀበለውና ልጅ ልጁ ለሚያየው ወረቀት ይህ ቀልድ አይደለም። ሊያከብር የተነሣ ፊደል ባለስሙን አዋረደ ማለት ነው።

ታዲያ የግዕዝ ፊደል ከክብር ጽሑፍ የተከለከለ ነውን? በፍጹም። የእኛም የጽሕፈት እጅ የራሱ መሣሪያ፣ የራሱ ሥራና የራሱ ደንብ ነበረው። ቁም ጸሐፊው ብራናውን በወስፌ አሥምሮ፣ ጫፉ ሰፋ ተደርጎ በተቀረጸ የመቃ ብዕር ይጽፋል። የዚህ ብዕር ውፍረትና ቅጥነት የሚመጣው ከእጅ ጫና ሳይሆን ከጫፉ ስፋትና ከአያያዙ ነው። ስለዚህ የቆመው እግር ይደነድናል፣ አግዳሚው ይቀጥናል፤ ፊደሉም ሳይያያዝ ለየብቻው ረግጦ ይቆማል። የላባው ጽሕፈት ውበት በእንቅስቃሴ ከሆነ፣ የመቃው ጽሕፈት ውበት በአቋም ነው። «ጉልሕ» የሚባለውን የብራና ጽሕፈት ያየ ሰው፣ አንድ ፊደል ሳያዘነብልና ሳይቀጠል ምን ያህል ግርማ ሊኖረው እንደሚችል ማስረጃ አያሻውም።

ጌጡስ የት ሄደ? ጌጡ አለ፤ ነገር ግን ከፊደሉ ውጪ ነው። ሐረጉ ከገጹ ራስ ላይ ይሳላል፣ በጎንና በጎን ይወርዳል። ቅዱሳት ስሞች በቀይ ቀለም ይጻፋሉ። ምዕራፍ ሲያልቅ ነጥቦቹ በቀይና በጥቁር ይፈራረቃሉ። የፊደሉ አካል ግን አይነካም። አናባቢን በእግር የሚያነብ ሕዝብ ጌጥን ከእግር ማራቁ፣ በእኔ አመለካከት፣ ከልማድ ያለፈ ማስተዋል ነው። የስሙ ክብርም በቀለም ይገለጻል እንጂ በጥምዝምዝ አይገለጽም። ስለዚህ ካርተር ወደ ስኔል እንደ ተመለሰ፣ የእኛም ነዳፊ ወደ አንድ የታወቀ የብራና እጅ ሊመለስ ይችላል።

መሣሪያው አልተፈጠረም የሚል ምክንያትም ዛሬ አይሠራም። የግዕዝ ፊደል በእርሳስ ከታተመ ዘመን አልፎታል፤ ዮሐንስ ፖትከን መዝሙረ ዳዊትን በሮም ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1513 ነው። ከ1999 ወዲህም ፊደላችን በዩኒኮድ የራሱ መለያ ቁጥሮች አሉት። ለአንድ ፊደል አማራጭ ቅርጽ መስጠት፣ ክፍተቱን ጥንድ በጥንድ ማስተካከል፣ የአንቀጽ ምልክቶችን ማስጌጥ አሁን የሚቻል ነው። የሚቀረው የትኛውን እጅ፣ ለየትኛው ሥራ፣ በምን ደንብ ብሎ መጠየቅ ነው።

6. ማጠቃለያ

ከላይ እንደ ተመለከትነው፣ ስኔል ራውንድሃንድ የንግድ መዝገብ ጽሕፈት ሆኖ የተወለደ፣ በደንብ የጠራ፣ እርሳስ ሲከለክለው ቆይቶ ብርሃን ሲፈቅድለት ወደ ኅትመት የገባ ፊደል ነው። ቅርጹ ከይዘቱ ጋር የሚስማማው ጸሐፊው በእርግጥ ይጽፈው የነበረውን ስለሚመስል ነው። ድክመቶች አሉት፤ አለቦታው ሲገባም ይበላሻል። ሆኖም ነዳፊው ከጌጡ በፊት እጁን ማጥናቱ ለሌሎች ፊደላት ነዳፊዎችም ትምህርት ነው።

ከእንግሊዝኛው አጠገብ አማርኛው ተራ መስሎ መታየቱ የሚያሳስባቸው ሰዎች ሥጋት በቦታው ነው። ነገር ግን የላባውን አካሄድ ለመቃው ማልበስ አማርኛውን የእንግሊዝኛው ሚዜ ያደርገው እንደሆነ እንጂ አያከብረውም። ለካርድና ለምስክር ወረቀት የሚነደፍ የአማርኛ ፊደል በቅድሚያ ሊፈተን የሚገባው በአንድ ቀላል ነገር ነው፦ ሰባቱን ቤት ያለ አንዳች ጥርጣሬ ለይቶ፣ የማናውቀውን ሰው ስም በትክክል ያስነብበናል ወይ? ይህን ያለፈ ፊደል ስለ ግርማው በኋላ ልንነጋገርበት እንችላለን። ይህን ያላለፈ ግን የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለማክበር የጠራውን ሰው በሌላ ሰው ስም እየጠራው ነው።